ለሃርሞኒካ የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ዲሌይ ፔዳል፦ የቱን ልግዛ?

ኤደን_ሃርፕ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሃርሞኒካ በአምፕ የምትነፉ ወይም ስለ አምፕ የምታውቁ ሰዎች ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

እዚህ ዲሲ አካባቢ ከአንድ ትንሽ የብሉስ ቡድን ጋር እጫወታለሁ። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና እኔ ነን። የምነፋው ባለ 10 ቀዳዳውን ዳያቶኒክ ነው። ማይኬ ሹር 520ዲኤክስ ነው፣ ያ በመዳፍ ውስጥ የሚያዘው ክብ ማይክ። አምፔ ፌንደር ብሉስ ጁኒየር ነው፣ 15 ዋት፣ ባለ አንድ 12 ኢንች ስፒከር። ድምፁን በጣም እወደዋለሁ፤ ወፍራም ነው፣ ሻከር ይላል፣ ማይኩንና ሃርሞኒካውን አንድ ላይ ጥርቅም አድርጌ ስይዛቸው ደግሞ ክፍሉን ይሞላዋል።

የሚጎድለኝ በድሮዎቹ የቺካጎ ቅጂዎች ላይ የሚሰማው ጥልቀት ነው። ሊትል ዋልተር አንድ ኖታ ነፍቶ ሲያቆም ከኋላው ሌላ ትንሽ ድምፅ ይከተለዋል። ሪቨርብ አይደለም፣ እሱን ሞክሬዋለሁ፤ የአምፔን ሪቨርብ ከፍ ሳደርገው ድምፁ ይርቃል እንጂ ያንን ነገር አይሰጠኝም። ስለዚህ ዲሌይ ፔዳል፣ ድምፁን ትንሽ አዘግይቶ የሚደግመውን በእግር የሚረገጥ ሳጥን፣ ልገዛ ነው። በጀቴ እስከ 80 ዶላር ነው፣ ያገለገለም ቢሆን ችግር የለብኝም።

ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። የጊታሪስታችንን ዲሌይ ተውሼ ስሞክረው ገና ከመርገጤ አምፑ መጮህ ጀመረ፣ ያለ ፔዳሉ ግን በዚያው ቮልዩም ምንም አይልም ነበር። ሌላው ደግሞ የምንጫወተው ብሉስ ብቻ አይደለም። በመሃል ትዝታ እናስገባለን። ሜጀሩን ማለቴ ነው፤ በሲ ሃርሞኒካ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀዳዳ ያለ ምንም ቤንድ (ኖታውን በትንፋሽ ዝቅ ማድረግ) ቁጭ ይላል። ሐበሻ የሆነውም ያልሆነውም ሰው እዚያ ላይ ጸጥ ብሎ ነው የሚሰማው፣ እኔም ከሁሉም በላይ እሱን ሳሳምር ነው ደስ የሚለኝ። ለፈጣን ሻፍልም ለቀስተኛ ትዝታም የሚሆን አንድ ፔዳል ይገኛል? አናሎግ ነው ዲጂታል የሚሻለው? ጊታር የሚጫወቱ ጓደኞቼን ስጠይቅ ሁሉም የራሱን ፔዳል ነው የሚያወድስልኝ።

ገመድና_ጃክ (ስቶክሆልም)

ሰላም እህቴ። መጀመሪያ የጩኸቱን ነገር እንጨርስ፣ እሱ ካልተፈታ የ30 ዶላሩም የ300 ዶላሩም ፔዳል ለአንቺ አንድ ነው።

ፊድባክ የሚመጣው ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ገብቶ፣ እንደገና ጎልቶ ሲወጣ፣ እንደገና ሲገባ ነው። በአምፕ ሃርሞኒካ የሚነፋ ሰው ሁሉ ከዚያ ጠርዝ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው የሚጫወተው፣ ጥሩው ወፍራም ድምፅ ያለው እዚያ ስለሆነ። ዲሌዩን ስትረግጪ በዋናው ድምፅ ላይ ሁለተኛ ቅጂ ደረብሽበት ማለት ነው። የጠቅላላው ድምፅ ጉልበት ጨመረ፣ ጠርዙን አለፈ፣ ጮኸ። ጊታር ላይ ይሄ ብዙም አይታይም፣ ጊታሩ ከአምፑ ፊት የተከፈተ ማይክ አይደለምና። ስለዚህ ለጊታር የተስተካከለ ፔዳል እንዳለ ሃርሞኒካ ላይ ሲገባ መጮሁ የሚጠበቅ ነው፣ ፔዳሉ መጥፎ ስለሆነ አይደለም።

ሌላም አለ። ያንቺ አምፕ ኢፌክት ሉፕ (ፔዳሉን ከአምፑ የመጀመሪያ ማጉያ በኋላ የሚያስገቡበት መሰኪያ) የለውም። ፔዳሉ የግድ በማይኩና በአምፑ መሃል ነው የሚገባው። አምፑ ደግሞ በደንብ ተገፍቶ ሲሠራ ድምፁን ይጨምቀዋል፤ ጮክ ያለውን ይጫነዋል፣ ዝቅ ያለውን ያነሳዋል። ፔዳሉ ላይ ትንሽ ያደረግሽው ምላሽ በአምፑ በኩል ሲያልፍ ከጠበቅሽው በላይ ትልቅ ሆኖ ይወጣል። የምላሹን መጠን የሚወስነውን ቁልፍ (ሚክስ፣ ሌቭል ወይም ኢኮ ይሉታል) ጊታሪስቶች ከሚያስቀምጡበት በጣም ዝቅ ማድረግ ያለብሽ ለዚህ ነው። ከዜሮ ተነሽ። እየነፋሽ ትንሽ ትንሽ ጨምሪው፤ በምትነፊበት ሰዓት ለብቻው ጎልቶ መሰማት ሲጀምር መልሰሽ ቀነስ አድርጊው። ልኩ፣ ስትነፊ የማይሰማሽ ነገር ግን አፍሽን ስታነሺ የሚሰማሽ ላይ ነው።

ጩኸቱን ከሥሩ ለመቀነስ ደግሞ ፔዳል ከመግዛትሽ በፊት የምትሠሪው ሥራ አለ፣ እኔ ይሄን ሳልል የፔዳል ስም መጥራት አልወድም። የብሉስ ጁኒየር የመጀመሪያው ትንሽ ቲዩብ (አምፖል የሚመስለው፣ ድምፁን የሚያጎላው የመስታወት ዕቃ) 12ኤኤክስ7 ነው። የማጉላት አቅሙ 100 ነው። በእሱ ቦታ 12ኤዋይ7 ቢገባ ወደ 44 ይወርዳል። እግሮቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሌላ የምትነኪው ነገር የለም፤ አምፑን አጥፍተሽ፣ ከግድግዳ ነቅለሽ፣ ቲዩቡ ሲቀዘቅዝ ብቻ ቀይሪው። ከዚያ በኋላ ቮልዩሙን ከድሮው ከፍ አድርገሽ ሳይጮህ መጫወት ትችያለሽ፣ ለዲሌዩም ቦታ ታገኚለታለሽ። አምፑን ከፊትሽ ሳይሆን ከጎንሽ አድርጊው፣ የማይኩ ጀርባም ወደ ስፒከሩ ቀጥ ብሎ አይዙር። 520ዲኤክስ ላይ ያለችው የቮልዩም ቁልፍም ለጌጥ አይደለችም። በዘፈኑ መሃል እረፍት ስታደርጊ በጣትሽ መለስ አድርጊያት።

አሁን ወደ ፔዳሉ። እኔ አናሎግ ነው የምልሽ። አናሎግ ዲሌይ ድምፁን በካፓሲተሮች ሰልፍ፣ ባልዲ ውሃ ከሰው ወደ ሰው እንደሚቀባበሉት፣ እያስተላለፈ ነው የሚያዘገየው። በመንገዱ ላይ ስለታሙ ድምፅ ይቀንሳል። ተመልሶ የሚመጣው ከዋናው ደብዘዝ፣ ለስለስ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ምላሽ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ደብዛዛ ይሆናል። ሃርሞኒካ ራሱ ስለታም መሣሪያ ስለሆነ ይሄ ለእኛ ጥቅም ነው። ምላሹ ከዋናው ድምፅ ሥር ይተኛል፣ አይጋፋም፣ ያ የላይኛው ክፍል ስለተቆረጠም ቶሎ አያፏጭም።

በበጀትሽ ውስጥ በመጀመሪያ የምጠራልሽ ቤሪንገር ቪዲ400ን ነው። ፕላስቲክ ነው፣ ሦስት ቁልፍ አለው፣ እስከ 300 ሚሊሰከንድ ይሄዳል፣ አዲሱ ከ50 ዶላር በታች ነው። ሰው በፕላስቲኩ ይንቀዋል፤ ድምፁ ግን ለብሉስ ሃርሞኒካ የሚፈለገው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ዶነር የሎ ፎል ነው፣ ያቺ ትንሿ የብረት ሳጥን። ከ20 እስከ 620 ሚሊሰከንድ አላት፣ እሷም ከ50 በታች ናት፣ ባትሪ ግን አትወስድም፣ አዳፕተር የግድ ነው። ለቀስተኛው ትዝታ ረዘም ያለ ጊዜ ስለምትፈልጊ በእኔ ግምት ሁለቱንም የምትሸፍንልሽ የኋለኛዋ ናት። ዳንኤሌክትሮ ፋብ ኢኮ የሚባል ርካሽ ፔዳልም ያገለገለ ገበያ ላይ ይገኛል፣ ሃርሞኒካ የሚነፉ ብዙ ሰዎች ይወዱታል፣ ጊዜው ግን ባጭሩ ላይ የተወሰነ ነው። ለሻፍል ያምራል፤ ለትዝታ አይሆንም። ኤምኤክስአር ካርቦን ኮፒ ቆንጆ ነው፣ ከበጀትሽ ውጭ ስለሆነ ተዪው፣ ሎን ዎልፍ ለሃርሞኒካ ብሎ የሠራው ሃርፕ ዲሌይም እንደዚያው።

ጋሽ ቴፕ (ሎስ አንጀለስ)

ልጄ ኤደን፣ የምትፈልጊውን ድምፅ ስሙን ስለጠራሽው ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው ሪቨርብና ኢኮን ይቀላቅላቸዋል።

ሊትል ዋልተር በ1952 በቺካጎ ለቼከር በራሱ ስም መቅዳት ሲጀምር ዲሌይ ፔዳል የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ያንን ምላሽ የሚያመጡት በስቱዲዮ ውስጥ በባዶ ክፍልና በቴፕ ነው። የቴፑን ልንገርሽ፣ ፔዳልሽን ለማስተካከል የሚጠቅምሽ እሱ ነውና። የቴፕ ማሽን የሚቀዳበት ራስና የሚያነብበት ራስ ለየብቻ ናቸው። ቴፑ መጀመሪያ በቀጂው ራስ ያልፋል፣ ትንሽ ቆይቶ አንባቢው ጋ ይደርሳል። በሁለቱ መሃል ያለው መዘግየት ነው ኢኮው። ቴፑ በሴኮንድ 15 ኢንች እየሄደ፣ ራሶቹ 2 ኢንች ቢራራቁ፣ መዘግየቱ ወደ 133 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ወደ 7.5 ኢንች ሲወርድ 267 ይሆናል። ፔዳል ሠሪዎች እስከ 2 ሰከንድ፣ እስከ 5 ሰከንድ እያሉ የሚያሻሽጡት ለሌላ ሙዚቃ ነው፤ አንቺ የምትወጂው ድምፅ በሙሉ ከ300 ሚሊሰከንድ በታች ነው ያለው። በማትነኪው ነገር ላይ ገንዘብሽን አታፍስሺ።

133 ሚሊሰከንድ ለጆሮ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽ፣ ከ23 ሜትር ገደማ ርቆ ካለ ግድግዳ ነጥሮ የሚመለስ ድምፅ በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው የሚደርስሽ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ያለሽ ያህል ነው፣ ያለ አዳራሹ ጭጋግ። ሪቨርቡ የማይሰጥሽ እሱን ነው፣ ሪቨርብ በመቶ የሚቆጠሩ ምላሾችን አንድ ላይ አፍስሶ ስለሚያመጣ ኖታዎችሽን ያደፈርሳቸዋል። የአምፕሽን ሪቨርብ ዲሌዩን ስትከፍቺ ዝጊው ወይም ጭራሽ ትንሽ አድርጊው። ሁለቱ ባንድ ላይ ከተከፈቱ ቤንድ ስትሠሪ ያ ደስ የሚለው የኖታ መንሸራተት አይሰማም።

ምላሹ አንድ ይሁን። ፊድባክ ወይም ሪፒት የሚለውን ቁልፍ (የአምፑን ጩኸት ሳይሆን የምላሹን ብዛት የሚወስነውን) ወደ ታች ውሰጂው። ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመለስ ኢኮ ሰርግ ላይ ለዘፋኝ እናውቀዋለን፣ እዚያ ቦታው ነው፤ ለሃርሞኒካ ግን ትንፋሽሽ ራሱ የዘፈኑ አካል ስለሆነ ምላሹ ሲበዛ ትንፋሽሽን ይሸፍንብሻል።

ለጊዜው ስሌት ደግሞ ይሄን ያዢ። 60,000ን ለዘፈኑ ፍጥነት ስታካፍይው የአንድ ምት ርዝመት በሚሊሰከንድ ይወጣል። ሻፍል አንዱ ምት በሦስት የሚከፈል ነው። ፍጥነቱ 120 ቢሆን አንድ ምት 500 ነው፣ ሲሦው 167። እዚያ ላይ ስታስቀምጪው ኢኮው ከድራሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። ቀስ ያለው ትዝታችሁ 80 ላይ ቢሆን አንድ ምት 750 ነው፣ ግማሹ 375። ለትዝታ 375ን በጣም ዝቅ ባለ መጠን፣ ምናልባት በሁለት ምላሽ ሞክሪው። ትዝታ ላይ ኖታዎቹ ርቀት ስላላቸው ምላሹ ክፍተቱ ውስጥ ይወድቃል እንጂ ቀጣዩን ኖታ አይረግጥም። አምስቱም ድምፆች እርስ በርሳቸው ስለሚስማሙ ያለፈው ኖታ ከአሁኑ ጋር ተደርቦ ቢሰማም አይጣላም። ይሄ የፔንታቶኒክ ቅኝት ትልቅ ጸጋ ነው። ባቲና አንቺሆዬ ላይ ግን በጆሮሽ ነው የምትሄጂው፣ በተለይ አንቺሆዬ ላይ የተጠጋጉት ድምፆች ሲደራረቡ ይጎረብጣሉ።

ሚኒ_ሚክሰር (አዲስ አበባ)

ኤደን ከመግዛትሽ በፊት አንድ ጥያቄ፦ የምትጫወቺበት ቤት አምፕሽን በማይክ ወደ ሚክሰር ያስገቡልሻል? ከሆነ ፔዳል ላያስፈልግሽ ይችላል። እንደ ያማሃ ኤምጂ10ኤክስዩ ያሉ ትንንሽ ሚክሰሮች ሳይቀሩ ውስጣቸው ኢፌክት አላቸው፣ እሱ ለብቻው 24 ዓይነት አለው፣ ዲሌይም ኢኮም ይገኝበታል። አምፑ ፊት አንድ ኤስኤም57 ማይክ ተክለሽ፣ በዚያ ቻናል ላይ የኢፌክቱን ቁልፍ ትንሽ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። እኔ እዚህ የምሠራው እንደዚያ ነው። ትልቁ ጥቅም ዲሌዩ ከአምፑ በኋላ መምጣቱ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል፣ አምፑ አይጨምቀውም፣ ወንድማችን ከላይ ያለው ችግር በግማሽ ይቀላል። ብቻ ሞኒተር ስፒከር ከፊትሽ ካለ ኢፌክቱን ወደ ሞኒተሩ እንዳይልኩት ንገሪያቸው፣ ያለዚያ ተመልሶ ማይክሽ ውስጥ ይገባል። ጉዳቱ ኢፌክቱን ራስሽ በእግርሽ አለማብራትና አለማጥፋትሽ ነው፣ በሚክሰሩ ሰው እጅ ነሽ።

እዚህ ሀገር ቤት ሆናችሁ ይሄን ለምታነቡ ልጨምር፣ በየጊዜው የሚጠይቀኝ ሰው ስላለ። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ፔዳል የምታስመጡ ከሆነ አዳፕተሩን ተጠንቀቁ። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። የአዳፕተሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሌለ እዚህ ግድግዳ ላይ እንዳትሰኩት። ፔዳሉ ራሱ 9 ቮልት ስለሆነ ችግር የለበትም፣ እዚሁ የሚገኝ 9 ቮልት አዳፕተር ይበቃዋል፣ ግን አብዛኛው ፔዳል መሃሉ ኔጋቲቭ፣ ዙሪያው ፖዘቲቭ የሆነ ነው የሚፈልገው። ለሌላ ዕቃ የተሠሩት አዳፕተሮች ብዙዎቹ በተቃራኒው ናቸው፣ ሥዕሉን ሳታዩ አትሰኩ። ርካሽ አዳፕተር ኸምም የሚል ድምፅ ያመጣል፣ ሃርሞኒካ ላይ አምፑ በጣም ስለሚያጎላ ያ ኸምታ ከጊታር ይልቅ ይሰማል። ኤስኤም58 የዘፋኝ ማይክ ያላችሁ ደግሞ እሱን በቀጥታ ጊታር ፔዳል ውስጥ አትክተቱት፣ ድምፁ ሳሳ ብሎ ነው የሚወጣው። እንደ ሹር ኤ95ዩ ያለ ዝቅተኛውን ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ሲግናል ያለውን ተቃውሞ) ወደ ከፍተኛ የሚቀይር ትንሽ ትራንስፎርመር መሃል ላይ ያስፈልጋል።

ኤደን_ሃርፕ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም ነበር። ጋሼ፣ የቴፑን ነገር በዚህ መልኩ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፣ እድሜ ይስጥልኝ።

ሚኒ_ሚክሰር፣ የምንጫወትባቸው ቤቶች ጠባብ ናቸው፣ ማይክ የሚያገኘው ዘፋኙ ብቻ ነው፣ እኔና ጊታሩ በአምፓችን ነው የምንሄደው። ስለዚህ ፔዳሉ ይቀጥላል። ቲዩቡን ግን አዝዣለሁ።

የ60,000ውን ስሌት በቤት ውስጥ በስልኬ ላይ ባለ የዲሌይ መተግበሪያ ሞከርኩት፣ 375 ለትዝታ በጣም ነው የሚያምረው፣ ዋሽንት ሜዳ ላይ ሲነፋ የሚመጣ ዓይነት ስሜት አለው። ስለዚህ 300 ላይ የሚቆመው ቤሪንገር ለእኔ ቀረ ማለት ነው። አሁን ምርጫዬ በሁለት ነው የቀረው፣ አዲስ የሎ ፎል ወይም እዚህ ሰፈር አንድ ሰው በ75 ዶላር የሚሸጠው ያገለገለ ቦስ ዲዲ-3። ዲጂታል ስለሆነ ልለፈው? ሌላው፣ ወደ ፊት አስታቲክ ጄቲ-30 ማይክ፣ ያንን የድሮውን ባለ ክሪስታል፣ የመግዛት ሐሳብ አለኝ። በፔዳሉ ምርጫ ላይ ለውጥ ያመጣል?

ቀስ_በቀስ (ቴል አቪቭ)

ዲዲ-3ን አትለፊው! በ75 ካገኘሽው፣ የሚሠራም ከሆነ፣ ውሰጂው። ገመድና_ጃክ ስለ አናሎግ ያለው እውነት ነው፣ የምላሹ መደብዘዝ ይረዳል። ግን ምላሹ ትክክለኛ መጠኑ ላይ ከተቀመጠ ደብዛዛም ይሁን ጥርት ያለ፣ በአምፕሽ የመሻከር ድምፅ ውስጥ ሲያልፍ ልዩነቱ በጣም ይጠባል። አምፑ ራሱ ያደበዝዘዋል። አሁንም ከጠራብሽ የአምፑን ትሬብል ቀንሺው፣ ለሃርሞኒካ ቀድሞም ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

ዲዲ-3 ከ1986 ጀምሮ ያለ ፔዳል ነው፣ ብረት ነው፣ መድረክ ላይ ተረግጦ ተረግጦ የማይሞት። ለአንቺ ዋናው ጥቅሙ ግን አራተኛው ቁልፍ ነው። ሞድ የሚለው ጊዜውን በ50፣ በ200 እና በ800 ሚሊሰከንድ ክልል ይከፍልልሻል። 200ው ላይ ስታደርጊው ከ50 እስከ 200 ያለው ሁሉ በአንድ ቁልፍ ዙሪያ ይዘረጋል፣ የጋሼን 133 እና 167 ጣትሽ በቀላሉ ያገኛቸዋል። 620 ሚሊሰከንዱን ሁሉ በአንድ ትንሽ ቁልፍ ላይ በጨመቀ ፔዳል ላይ ግን ቁልፏን ፀጉር ያህል ስትነኪያት ከ130 ወደ 200 ትዘላለች። ለትዝታው ወደ 800ው ትቀይሪና የጊዜውን ቁልፍ ወደ ታችኛው ሲሦ ታመጪዋለሽ። በዘፈንና በዘፈን መሃል ጎንበስ ብሎ ሁለት ቁልፍ ማዞር ነው፣ አንድ እጅሽ ሁልጊዜ ነፃ ነው። በመጀመሪያ ኢፌክት ሌቭሉን ሩብ ላይ፣ ፊድባኩን ዜሮ ላይ አድርጊ። ዜሮ ላይ አንድ ምላሽ ይሰጥሻል፣ ለትዝታ ብቻ ትንሽ ትገፊዋለሽ።

ታፕ ቴምፖ (ጊዜውን በእግር መታ መታ በማድረግ ማስተካከያ) ያለው ካልገዛሽ የሚሉሽን አትስሚ። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የሃርሞኒካ ዲሌይ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ 10 ሚሊሰከንድ ወዲያ ወዲህ ቢል ማንም አይሰማውም።

አንድ የአጨዋወት ነገርም አለ። ዲሌይ ቦታ ይፈልጋል። አረፍተ ነገርሽን ጨርሰሽ ዝም ካላልሽ ምላሹ የት ይሰማል? እዚያው ዲሲ የተወለደውንና በ2024 ያረፈውን ፊል ዊጊንስን ብዙ ስሚው። ከጊታሪስቱ ጆን ሴፋስ ጋር ያለ አምፕ የነፋው አኩስቲክ ሃርሞኒካ ነው፣ ምንም ኢፌክት የለውም፣ ግን አረፍተ ነገሮቹ የሚጀምሩበትና የሚያልቁበት ቦታ ጥርት ያለ ነው። በዚያ ዓይነት አነጋገር ላይ ዲሌይ ሲጨመር ነው የሚያምረው። ሳያቋርጥ በሚነፋ ሰው ላይ ግን የትኛውም ፔዳል ጫጫታ ነው የሚሆነው።

ገመድና_ጃክ (ስቶክሆልም)

በ75 ዶላር ዲዲ-3 ከሆነ እኔም አልከራከርም። በአዲስ ዋጋ ቢሆን ኖሮ አናሎጉ ላይ እቆም ነበር። የጊዜ ክልሉን ስለመክፈሉ የተባለው ደግሞ ትክክል ነው፣ ለእጅ በጣም ይመቻል።

የክሪስታሉን ጥያቄ ልመልስ፣ ወሳኝ ስለሆነ። ክሪስታል ማይክ የሚገባበት ዕቃ የመግቢያ ኢምፒዳንሱ በጣም ከፍ ያለ እንዲሆን ይፈልጋል። ዝቅ ባለ ቁጥር የታችኛው ድምፅ ይጠፋል፣ ያ ሰው ለጄቲ-30 ብሎ የሚከፍልበት ውፍረት ይሄዳል። የሃርሞኒካ አምፕ የሚሠሩ ሰዎች መግቢያውን እስከ 5 ሜጋኦም የሚያደርሱት ለዚህ ነው። ዲዲ-3 ግን 1 ሜጋኦም ነው። ቦስ ፔዳሎች ሲጠፉም ድምፁን በውስጣቸው ባለው በፈር (ሲግናሉን ተቀብሎ የሚያሳልፍ ትንሽ ሰርኪዩት) ነው የሚያሳልፉት፣ ስለዚህ ማይኩ ፔዳሉ በርቶም ጠፍቶም የሚያየው ያንኑ 1 ሜጋኦም ነው። ቢያንስ ስትረግጪው ድምፅሽ በድንገት አይቀየርም። ትሩ ባይፓስ በሚባሉት ላይ ሲጠፋ ማይኩ በቀጥታ ከአምፑ ጋር ይገናኛል፣ ሲበራ ከፔዳሉ ጋር፣ በክሪስታል ላይ ይሄ ልዩነት ሊሰማሽ ይችላል። የብሉስ ጁኒየር መግቢያም ራሱ 1 ሜጋኦም አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ዲዲ-3 ያለውን አያባብስብሽም። አሁን የያዝሽው 520ዲኤክስ ክሪስታል አይደለም፣ ማግኔቲክ ነው፣ በ1 ሜጋኦም ላይ ምንም አይሆንም። እኔ ብሆን ጄቲ-30ውን ለጊዜው አቆየው ነበር፣ የድሮ ክሪስታሎች ሙቀትና እርጥበት ይገድላቸዋል፣ የሚሠራ ተብሎ የተሸጠው ሁሉ አይሠራም።

ዲዲ-3ን ልታዪ ስትሄጂ ማይክሽንና ቢያንስ ሁለት ኬብል ይዘሽ ሂጂ። ሰውየው ጋ ባለው ማንኛውም አምፕ ይሆናል። አራቱንም ቁልፎች እየነፋሽ ቀስ ብለሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሪያቸው፣ ክርክር የሚል ድምፅ ካለ ቆሻሻ ነው፣ ይጸዳል፣ ዋጋ ለመቀነስ ግን ይጠቅምሻል። ፔዳሉን ደጋግመሽ ረግጠሽ አብሪው አጥፊው። አልበራ ብሎ ሁለቴ የሚያስረግጥ ከሆነ ስዊቹ ደክሟል፣ የሚቀየር ዕቃ ነው፣ ውድም አይደለም። ፊድባኩን ዜሮ፣ ኢፌክቱን ሙሉ አድርገሽ አንድ አጭር ኖታ ንፊ፤ ምላሹ ንጹሕ ሆኖ አንዴ ብቻ መምጣት አለበት፣ ከተሰነጠቀ ወይም ፍስስ የሚል ነገር ከተከተለው ተዪው። በባትሪ ሳይሆን በአዳፕተር ሞክሪው። ዲጂታል ዲሌይ ባለ 9 ቮልት ባትሪን ቶሎ ነው የሚጨርሰው፣ ባትሪ ውስጡ ካለ ደግሞ የማይኩ ጃክ በመግቢያው ላይ ተሰክቶ እስካለ ድረስ መብላቱን አያቆምም፣ ተጫውተሽ ስትጨርሺ ንቀዪው።